ከየካቲት እስከ ሰኔ በአዳማ ሙቀት አበባን በመትከያ ዕቃ ማቆየት

አዳማ ላይ በግቢያቸው መሬት አበባ የተከሉ ሰዎች የካቲትና መጋቢት ሲመጡ ብዙም አይጨነቁም። ቡገንቪሊያው አጥሩን ለብሶ ይደምቃል፤ ጽጌረዳውም ውሃ እስካገኘ ድረስ ያብባል። መሬት ውስጥ ያለ ተክል ላዩ ሲግልበት ሥሩን ወደ ታች፣ ቀዝቀዝ ወዳለው አፈር ይሰዳል። በቀለም ባልዲ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ወይም በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያለው ግን መሸሻ የለውም። ስለዚህ በዚህ ወቅት አበባው ለምን እንዳቆመ የሚጠይቀኝ ሰው ቅጠሉንና እንቡጡን እያሳየ ሲያስረዳኝ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው የተተከለበትን ዕቃ ነው። ቀትር ላይ የዕቃውን ጎን በእጃችሁ ዳስሱት። እጃችሁን እዚያ ማቆየት ከከበዳችሁ፣ ከውስጥ ጎኑን ታክኮ የሚያድገው ሥርም በዚያው ሙቀት ውስጥ ነው ያለው።

የእኛ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ የፈሰሰበት ነው። በምዕራብ በኩል ቆርቆሮ አጥር አለ፤ ስንዝር የምታህል ባዶ አፈር እንኳን የለንም። ያሉኝ ጽጌረዳዎች፣ ጄራኒየም፣ ፔቱኒያ፣ ቡገንቪሊያ፣ ሂቢስከስና ፖርቱላካ ሁሉም በዕቃ የተተከሉ ናቸው። እዚህ የምጽፈው ለዓመታት በዚሁ ግቢ ሠርቼ ውጤቱን ያየሁትን ነው። በተለይ ቤት ተከራይተው ለሚኖሩና በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ለሚያሳድጉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከዕቃው ልጀምር። በሚያዝያና በግንቦት የአዳማ የቀን ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ጥቁር ፕላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ውስጥ ያለው አፈር ግን ከአየሩ በጣም ይበልጣል፤ ከ40 ዲግሪም ሊያልፍ ይችላል። በዚህን ጊዜ የብዙ ተክሎች ሥር መጎዳት ይጀምራል። ሥሩ የተጎዳ ተክል ቅጠሉን ለማትረፍ ሲል አስቀድሞ የሚተወው አበባውን ነው፤ እንቡጦቹ ሳይፈነዱ ይረግፋሉ። ውሃ በየቀኑ እየጠጣ ማበብ ያቆመ ተክል ካላችሁ ምክንያቱን ከዚህ ፈልጉ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ጥቁሩን ዕቃ ነጭ ቀለም መቀባት ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ከዚህ የሚሻለው የፕላስቲኩን ዕቃ ከእርሱ በሚሰፋ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ በመሐል የሚቀረውን ክፍተት በአሸዋ መሙላትና አሸዋውን ማርጠብ ነው። ሸክላው እርጥበቱን በጎኑ ቀስ እያለ ያተናል፤ በእንስራ ያለ ውሃ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ አፈሩም ይቀዘቅዛል። የውጪው ማሰሮ ከታች መሸንቆሩን ብቻ አረጋግጡ። ዕቃዎቹን በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አላስቀምጥም፤ የብሎኬት ስባሪ ከሥራቸው አደርጋለሁ። ከቆርቆሮው አጥርም ከአንድ ክንድ በላይ አርቃቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው የሚመልሰው ሙቀት ከፀሐዩ ከራሱ አይተናነስም። የዕቃው መጠንም ወሳኝ ነው። ለጽጌረዳና ለሂቢስከስ 20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ጥሩ ነው። ትንሽ ዕቃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል። ጥልቀት የሌለው ጣሳ የሚበቃው ለፖርቱላካ ነው።

አፈሩን በተመለከተ አዳማ የሚኖር ሰው ዕድለኛ ነው። ዙሪያው የእሳተ ገሞራ አገር ስለሆነ፣ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ፑሚስ የሚባለው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነጣ ያለ ድንጋይ እንደ ልብ ይገኛል። ፑሚስ በቀዳዳዎቹ ውሃ ይይዛል፤ በቅንጣቶቹ መሐል ደግሞ አየር ያሳልፋል። ለመትከያ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ብሎኬት ከሚሠሩ ወጣቶች በጆንያ እገዛና ዱቄቱን በወንፊት አራግፌ፣ ከሽንብራ እስከ ባቄላ የሚያክለውን አስቀራለሁ። ሲሚንቶ ከተነካካ ክምር ግን እንዳትወስዱ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ፑሚስ ቀላቅላችሁ ትከሉ። መረሬ የሚባለውን ጥቁር ሸክላማ አፈር አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ከዕቃው ጎን ይለያል፤ የምታጠጡትም ውሃ ሥሩን ሳይነካ በስንጥቁ ወርዶ ያልቃል።

ከታች ድንጋይ መደርደር ውሃ ያንጠፈጥፋል የሚባለውን ምክር ሁሉም ይደግመዋል፤ እኔ ግን ትቼዋለሁ። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ድንጋይ በቀላሉ አይወርድም፤ ከድንጋዩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ይቆማል። ድንጋዩ የሚያደርገው ርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ ማስጠጋትና የአፈሩን ቦታ መሻማት ነው። አፈሩ እንዳይፈስ በቀዳዳው ላይ አንድ የሸክላ ስባሪ ይበቃል።

ውሃ አሰጣጥ ላይ ከጎረቤቶቼ ጋር ዘወትር እከራከራለሁ። በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤታችን ከሰዓት በኋላ ሲመጡ ሂቢስከሱ ቅጠሉን ጥሎ ያዩታል።

“ልጄ፣ ምነው ይሄን አበባ ብታጠጪው? ጠውልጎ የለም እንዴ!”

“እማማ፣ እስቲ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡና ይዩት፤ እርጥብ ነው። እስከ ማታ እንጠብቀው።”

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ቅጠሉ ተመልሶ ይቆማል። ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ብዙ ተክሎች አፈራቸው እርጥብ ሆኖ ሳለ ይጠወልጋሉ፤ በቅጠሉ የሚተነው ውሃ ሥሩ ሊስብ ከሚችለው በላይ ስለሚሆን ነው። በዚህ ሰዓት ውሃ የሚጨምርበት ሰው በሞቀ አፈር ላይ ሥሩን ያለ አየር ያስቀረዋል፤ ሥሩም ይበሰብሳል። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ይበልጥ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም ውሃ አነሰው ብሎ ይጨምርበታል። ሰው አበባ ወዶ አበባ የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ጠዋት ላይም ጠውልጎ ካገኛችሁት ወይ ተጠምቷል፣ ወይ ሥሩ ታሟል። የትኛው እንደሆነ ጣታችሁን ሁለት አንጓ ያህል ወደ አፈሩ አስገብታችሁ ታውቃላችሁ። ትንንሾቹን ዕቃዎች ደግሞ ብድግ አድርጋችሁ ክብደታቸውን መልመድ ትችላላችሁ፤ የደረቀው ይቀላል።

የማጠጫው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት። ስታጠጡ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ አጠግቡት፤ ከዚያም ላዩ እስኪደርቅ ተዉት። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ላይ ላዩን ብቻ ስለሚያርስ ሥሩ ወደ ላይ ይመጣል፤ ያ ደግሞ ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ የጎማ ቱቦ ውስጥ የቀረው ውሃ እጅ የሚያቃጥል ስለሚሆን ቀዝቅዞ እስኪወጣ መጀመሪያ ወደ ባልዲ ልቀቁት። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለአበባ የሚቀመጠውን ጀሪካን ጥላ ሥር አድርጉት።

አፈሩ ጨርሶ ደርቆ ከዕቃው ጎን ከተለየ ከላይ ማጠጣት ዋጋ የለውም። በሳፋ ውሃ ሞልታችሁ ዕቃውን ግማሽ ሰዓት ያህል ንከሩት፤ አረፋው ሲያቆም አውጡና አንጠፍጥፉት። ከዕቃው ሥር ባለ ሳህን ላይ ግን ውሃ አታቆዩ። ሥሩን ከማበስበሱም በላይ ትንኝ ይራባበታል፤ ወባ ባለበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሩዝና አትክልት የታጠበበት ውሃ ለአበባ ጥሩ ነው፤ ጨው የገባበትና ልብስ በዱቄት ሳሙና የታጠበበት ግን አይሆንም።

አፈሩን ከላይ ማልበስ ትነቱን በብዙ ይቀንሳል። የጤፍ ጭድ እንደ ልብ ቢገኝም በአዳማ ነፋስ ግቢውን ሞልቶት ይውላል፤ ስለዚህ እኔ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ፑሚስ አነጥፋለሁ። ነፋስ አይወስደውም፣ ነጣ ስላለም ሙቀቱን ይመልሳል።

ነፋሱን ካነሳሁ አይቀር፣ ከተማችን 51 ሜጋዋትና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉባት በከንቱ አይደለም። ያ ሁሉ ነፋስ በእኛም በረንዳ ላይ ያልፋል፤ ከቅጠል ላይ እርጥበት እየገፈፈ ይሄዳል። ብዙ ሰው ፀሐይ አቃጠለው የሚለው የቅጠል ጫፍ መድረቅ ብዙ ጊዜ የነፋስ ሥራ ነው። ዕቃዎቹን በየማዕዘኑ ከመበተን በአንድ ቦታ አጠጋግታችሁ ብታስቀምጡ አንዱ ለሌላው ጥላና እርጥበት ይሆናል። ቡገንቪሊያን የመሰለ ጠንካራውን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ፔቱኒያን የመሰለ ስስ አበባውን ከኋላው አድርጉ። መከለያ ከፈለጋችሁ ድፍን ቆርቆሮ አታቁሙ፤ ነፋሱ በላዩ ዘሎ ከበስተጀርባ ይሽከረከራል። ቀዳዳ ያለው ነገር ነፋሱን አለዝቦ ያሳልፋል። የሽንኩርት መረብ ጆንያዎችን ተርትሬ በመስፋት በሽቦ ወጥሬአለሁ፤ ለነፋሱም ለከሰዓቱ ፀሐይም ይበቃሉ።

ከሁሉ በላይ በረንዳ ላለው ሰው ልናገር የምፈልገው የፀሐዩን መዞር ነው። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ትገኛለች። ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘመም ብላ ትውላለች፤ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ግን ልክ አናታችን ላይ ትደርስና ከዚያ ወዲያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ታኅሣሥ ላይ ሙሉ ቀን ጥላ የነበረው ወደ ሰሜን የሚያይ በረንዳ በግንቦት ፀሐይ ይገባበታል፤ ወደ ደቡብ የሚያየው ደግሞ ጥላ ያገኛል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ የተቀመጠ አበባ በድንገት ሚያዝያ ላይ ሲቃጠል ወይም ማበብ ሲተው ምክንያቱ ይህ ነው። እኔ ከፋሲካ በፊት የዕቃዎቹን ቦታ እቀያይራለሁ። ለአብዛኞቹ አበቦች የምፈልገው ቦታ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ ሙሉ ፀሐይ አግኝቶ ከዚያ በኋላ ጥላ የሚሆንበት ነው። ሙሉ ቀን ፀሐይ የሚወዱት ቡገንቪሊያና ፖርቱላካ ናቸው፤ እነዚህን አትከልሏቸው፤ ጥላ ውስጥ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጡም።

ማዳበሪያ ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት ከገበሬ ዘመድ የመጣ ዩሪያ በእፍኝ መበተን ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ቅጠል ያበዛል፣ አበባ ያዘገያል፤ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ሲበዛም ሥር ያቃጥላል። ኤን ፒ ኤስ የሚባለው የእህል ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ ይዟል፤ ለአበባ የሚያስፈልገው ፖታሲየም ግን የለበትም። የእኔ ምርጫ የቆየ እበት ወይም የበግና የፍየል በጠጥ በበርሜል ለሳምንት ዘፍዝፌ ውሃውን ማጠጣት ነው። ስቀዳው ቀለሙ በጣም እስኪገረጣ ድረስ ንጹህ ውሃ እጨምርበታለሁ፤ ወፍራሙን አልሰጥም። የሙዝ ልጣጭ ከኮምፖስቱ ጋር እንዲበሰብስ አደርጋለሁ፤ ፖታሲየም ይጨምራል። በሳምንት አንዴ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መስጠት በዓመት አንዴ በብዛት ከመስጠት ይሻላል፤ ምክንያቱም በዕቃ ያለ አፈር ባጠጣነው ቁጥር ምግቡ ይታጠባል። ደረቅ አፈር ላይ ማዳበሪያ አታፍሱ፤ ቀድማችሁ በውሃ አርጥቡት።

የቡና አተላ በየቤቱ አለ፤ ሁሉም ሰው ከበረካው በኋላ አበባው ሥር ይደፋዋል። በአንድ ቦታ ሲደጋገም ላዩ ላይ ጋግሮ ውሃ አያሳልፍም። ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩትና በስብሶ ይውጣ። አመድ ደግሞ የአፈሩን አሲድ ስለሚያጠፋ ለጽጌረዳና ለሂቢስከስ እኔ አልጠቀምበትም።

አሁን ወደ መቀሱ እንምጣ፤ ሳያቋርጥ የሚያብብን ተክል ካልሆነው የሚለየው በአብዛኛው ይህ ነው። ተክል የሚያብበው ዘር ለማፍራት ነው፤ ዘሩን ከቋጠረ ሥራውን ጨርሷል። የጠወለገውን አበባ ዘር ሳይቋጥር ካነሳችሁለት እንደገና ይሞክራል። የፔቱኒያን የደረቀ አበባ ብቻ መንጨት አይበቃም፤ ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ እብጠት ጭምር አብራችሁ ቁረጡ፤ ዘሩ ያለው እዚያ ነው። ቁመቱ ረዝሞ ከሥሩ ባዶ የሆነውን ፔቱኒያ እስከ ግማሹ ድረስ ብትቆርጡት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተሞልቶ ይመጣል። የጄራኒየምን የአበባ ዘንግ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት አንጓ በጣት ገንጥሉት። ፖርቱላካ ምንም አይፈልግም።

ጽጌረዳ ላይ የደረቀውን አበባ ወደ ታች ተከትላችሁ፣ አምስት ትንንሽ ቅጠሎች በአንድ ዘንግ የያዘውንና ወደ ውጪ የሚያየውን አንጓ ፈልጉ፤ ከእርሱ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ሰያፍ ቁረጡ። ከተቆረጠበት ጊዜ አንሥቶ እንደገና እስኪያብብ እንደ ሙቀቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ስለዚህ ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የቆረጣችሁት ጽጌረዳ ለፋሲካ ይደርሳል። እኔ ቀጠሮውን በዚህ ነው የማስታውሰው፤ የፋሲካ ጠዋት ከራስ ግቢ ተቆርጦ ገበታ ላይ የሚቀመጥ ጽጌረዳ ያለውን ደስታ ሞክራችሁ እዩት። ጠንከር ያለ ቆረጣ ግን ከጥር መጨረሻ አይለፍ። ሚያዝያ ላይ ቅርንጫፉን ያራቆታችሁት ተክል ግንዱ በፀሐይ ይጠበሳል።

ቡገንቪሊያ ለብቻው ይታይ። ቀለም ያለው ቅጠሉ ነው፤ እውነተኛው አበባ በመሐሉ ያለችው ትንሽ ነጭ ቱቦ ናት። ሥሩ በዕቃው ውስጥ ጠበብ ሲለውና በማጠጫዎች መሐል ደረቅ ሲል ያብባል፤ ውሃና እበት ያበዛችሁለት እንደሆነ ረጅም አረንጓዴ ቅርንጫፍ ብቻ ይመዝባችኋል። ትልቅ ዕቃ አትስጡት። አበባው ሲያልቅ ጫፎቹን ቁረጡ፤ በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ነው የሚያብበው። ሂቢስከስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳን ጨርሶ ከደረቀ እንቡጡን ሁሉ ያራግፋል። የአንዱ አበባ ዕድሜ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ስለሆነ ረገፈ ብላችሁ አትደንግጡ፤ የሚያሳስበው ሳይፈነዳ የሚረግፈው ነው።

ጄራኒየም የሚያረጅ ተክል ነው፤ ያረጀውን ከመንከባከብ ከእርሱ ቅርንጫፍ ቆርጦ አዲስ ማስነሣት ይሻላል። ከእኛ ብዙ በማይርቀው ቆቃ ለአውሮፓ ገበያ የጄራኒየም ቁራጭ የሚያመርቱ እርሻዎች አሉ፤ አየሩ ምን ያህል እንደሚስማማው ከዚህ ታውቃላችሁ። መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጫፍ ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሡ፣ የተቆረጠው ጥቂት ሰዓት ይጠውልግ፣ ከዚያ ፑሚስ በበዛበት አፈር ትከሉት። ለየካቲት ያበበ ተክል ይኖራችኋል።

በሙቀቱ ወራት የምፈራው ተባይ ቀይ ሸረሪት ነው። በዓይን በጭንቅ ይታያል። ቅጠሉ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ነጠብጣብ ካያችሁ ነጭ ወረቀት ከሥር ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት፤ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ከወደቁ እርሱ ነው። ደረቅና አቧራማ አየር ይወዳል። ስለዚህ ማለዳ የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ በውሃ ግፊት እጠቡ። ካልለቀቀ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ከሥር በኩል ርጩት፤ ፀሐይ ሳይበረታ አጥቡለት። እንቁላሉን ስለማይገድለው በየሳምንቱ መድገም ያስፈልጋል።

በሸክላው ጎን ወይም በአፈሩ ላይ ነጭ ነገር ሲጋግር ካያችሁ ከውሃውና ከማዳበሪያው የቀረ ጨው ነው። በወር አንዴ የዕቃውን መጠን ሁለት እጥፍ በሚሆን ውሃ ቀስ እያላችሁ አጥቡት፤ የወረደውን ድፉት። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ በስምጥ ሸለቆ የሚወጣ ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድና ቢካርቦኔት ይበዛበታል። ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ የሚሆን አዲስ ቅጠል አፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት መሳብ እንዳቃተው ያሳያል። ዝናብ ሲገኝ ከጣራ የወረደውን በበርሜል አጠራቅሙ፤ ጽጌረዳና ሂቢስከስ በእርሱ ይታደሳሉ።

ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲጠነክር ሥራው ይገለበጣል። ከዕቃዎቹ ሥር ያሉትን ሳህኖች አንሡ፣ የሽንኩርት መረቡን አውርዱ፣ ከላይ የነጠፈውን ፑሚስ ግማሹን ጥረጉለት፣ ቀዳዳዎቹ በሥር እንዳልተደፈኑ በእንጨት እየነካችሁ እዩ። ቡገንቪሊያውን ከዝናብ ማስጠለል አያስፈልግም፤ ዝናቡ ሲበዛበት ቅጠል ያወጣል፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ያብባል። ፔቱኒያውን ግን ከጣራ ሥር አስገቡት፤ ዝናብ የደበደበው አበባው ቶሎ ይበሰብሳል።